የደብሩን ደን የድንጋይ ካብ ብቻ ያድነዋልን?

ጥያቄ፦ በደቡብ ጎንደር ከተረፈው የተፈጥሮ ደን አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ይገኛል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ጋር በመተባበር፣ ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ እንዲክበው ካህናቱን ማግባባታቸውን አንብቤአለሁ። ካቡ በእርግጥ የሚፈይደው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ የሚያግደው ከብትን ነው። ከብት የዝግባውንና የጥቁር እንጨቱን ቡቃያ እየጋጠና እየረገጠ ስለሚያጠፋው፣ ያረጁት ዛፎች ግርማቸው ባይጓደልም ተተኪ አያገኙም። ባሕር ዛፍን ግን ካብ አያግደውም፤ አንዳንዴ የሚተክለው ራሱ ደብሩ ነውና (ለገቢ መሆኑ ባይጠፋኝም)።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ደኖቹ በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ተነጣጥለው መቅረታቸው ነው፤ ጉሬዛ ያንን ሁሉ ገላጣ ማሳ አቋርጦ ወደ ሌላው ደብር እንዴት ይሻገራል? ጥበቃ በካብ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ጠያቂው በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝ ጓሳንም ቢመለከቱ መልካም ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ የጓሳ ሣር ምድር ቄሮ በሚባለው፣ ሕዝቡ ግጦሽንና የሣር አጨዳን በጋራ በሚገድብበት ባህላዊ ሥርዓት ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይ የነበረ ሲሆን፣ የመጠቀም መብቱም በየአጥቢያው የተከፋፈለ ነበር፤ ሥርዓቱ የተዳከመው ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ነው።