ዝንቡ ሁልጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ይበላሽብኛል፣ ምን ላድርግ?

የዴንቨሩ
ሰላም ለሁላችሁ። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን ዝንብ፣ ማለትም መንጠቆ ላይ በላባና በክር የሚሠራውን የዓሣ ማታለያ፣ እየገዛሁ ነበር፣ አሁን ራሴ ልሥራ ብዬ መንጠቆውን የሚይዝልኝ ሞርሳ፣ 10 ቁጥር መንጠቆ፣ ለጅራቱ ማራቡ የሚባለውን ለስላሳ ላባ፣ ገላው ላይ የሚጠመጠም የአውራ ዶሮ ላባና ቸኒል የሚባለውን ጸጉራም ክር ገዛሁ። የምሞክረው ዉሊ በገር የሚባለውን ባለ ጅራት ዝንብ ነው። ጅራቱ ያምራል፣ ገላውም ምንም አይል። የዶሮውን ላባ ጠምጥሜ ጭንቅላቱ ጋ ልቋጭ ስል ግን ቦታ የለም! ክሩ የማጥመጃው ናይለን በሚታሰርበት የመንጠቆው ቀዳዳ በኩል ሾልኮ ይወጣና ላባው ይተረተራል። ትናንት ማታ አራት ሠራሁ፣ አራቱም እንደዚያው። ሁለቱማ ቀዳዳቸው በክር ተደፍኖ ናይለኑ አልገባ አለኝ።

ሞርሳ
ወንድሜ፣ ሁላችንም እዚያው ጋ ነው የተቸገርነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ገና የመጀመሪያውን ክር ስትጠመጥም ነው። ከቀዳዳው ኋላ የቀዳዳውን ሁለት እጥፍ ያህል ብረት ባዶ ተው፣ እስከ መጨረሻው ምንም ነገር እዚያ አይድረስ። እኔ ስጀምር በማርከር ምልክት አደርግበት ነበር።

ከዚያ ክሩን እስከ መታጠፊያው ውሰድና ጅራቱን እሰር፣ ርዝመቱ ከመንጠቆው ቀጥ ያለ ክፍል ጋር እኩል ይሁን። ከረዘመ በመቀስ ሳይሆን በጥፍርህ ቆንጥረው፣ በመቀስ የተቆረጠ ማራቡ ውኃ ውስጥ እንደ መጥረጊያ ደረቅ ይላል። የዶሮውን ላባ በቀጭኑ ጫፉ በኩል እሰረው፣ ቸኒሉንም እዚያው። ክሩን ወደ ፊት አምጥተህ ምልክቱ ጋ አቁም፣ ቸኒሉን ጠምጥም፣ በሦስት ዙር እሰርና ትርፉን ቁረጥ። ላባው አምስት ስድስት ዙር ይበቃዋል። መቋጫው ከከበደህ የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፍ ላይ ክሩን አንዴ ጠምዝዘህ ወደ መንጠቆው አሸጋግረው፣ ሦስቴ ድገም። በመርፌ ጫፍ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ አድርግበት።

እማዬ አሳ
ላባ በውድ አትግዙ እባካችሁ። ለበዓል ከገበሬ ገዝተን የምናርደው አውራ ዶሮ ጀርባው ላይ፣ ወደ ጅራቱ የሚወርደው ረጅም ላባ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በላስቲክ አሽጋችሁ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ብል ሳጥኔን ሙሉ ፈጀብኝ፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የዲንሾ ልጅ
ከባሌ ነኝ። ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ከኬንያ መጥቶ የተራባ ትራውት አለ፣ እዚህ ቸኒል አይገኝም። የተተረተረ የሱፍ ሹራብ ክር እንጠቀማለን፣ ቡኒና ጥቁሩ በጣም ይሠራል። አንድ ልጨምር፦ ከማሰርህ በፊት የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው፣ ዓሣውን ሳትጎዳው ትለቀዋለህ። ስትጥለው ደግሞ ይስመጥ፣ ከዚያ በአጭር በአጭሩ ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ። እኔ ጋ ዓሣው ዝንቡን የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ ቆም ስል ነው።

የዴንቨሩ
እግዜር ይስጥልኝ! በማርከር ምልክት አድርጌ አሁን አንድ ጨረስኩ፣ ናይለኑ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ሳውዝ ፕላት ዳር ወዳለችው ዴከርስ እወርዳለሁ። እማዬ፣ አንድ ጥያቄ፦ ነጭ ላባ ቀለም ይቀበላል?