ከደብረ ማርቆስ ወደ ካናዳ፦ ሦስት ልጅ ይዘን የቱ ከተማ እንረፍ?

የማርቆስ መምህር

እንዴት ሰነበታችሁ ያገሬ ልጆች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ባለቤቴ ነርስ ናት፤ 9 ዓመት ሠርታለች። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። በእሷ ሙያ በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ባለሙያዎች ለቋሚ ነዋሪነት በሚያመለክቱበት መንገድ) ለካናዳ አመልክተን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተሳክቶልናል። ልጆቻችን ሦስት ናቸው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 9፣ ትንሿ በቅርቡ 4 ትደፍናለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ሳያልፍ መግባት አለብን። የቀረን አምስት ወር ነው።

የተቸገርነው የት እንረፍ በሚለው ነው። የእኛ ፈቃድ በአንድ ክፍለ ሀገር በኩል የመጣ ስላልሆነ ከኩቤክ በስተቀር የትም ብንገባ ችግር የለውም። ምርጫው ሲበዛ ጭንቀቱም በዛ። ቶሮንቶ የባለቤቴ አክስት ልጅ አለ። «እኔ ጋ ኑ፣ ሀበሻ ሞልቷል» ይላል። ኤድመንተን ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት አብረን የተማርን ጓደኛዬ አለ። እሱ «ቶሮንቶ የቤት ኪራይ ይጨርሳችኋል፣ ወደዚህ ኑ» ይለኛል። ዊኒፔግ ማንም የለንም፣ ግን ኑሮው ርካሽ ነው ሲሉ ሰምተናል። ሁሉም የሚያወራልን የራሱን ከተማ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ባለፉት ዓመታት በነበረው ሁኔታ የልጆቹ ትምህርት ተቆራርጧል። ትልቋ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ነው የተቀመጠችው። እዚያ ሲገቡ ክፍል ዝቅ ያደርጓቸዋል ወይ? ባለቤቴስ ሙያዋን የት ቶሎ ታገኛለች? ብርዱስ? ከሁሉ በላይ አማርኛቸው እንዳይጠፋ እፈራለሁ። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «የልጅ ልጆቼ ሲያናግሩኝ ካልገባኝ ምኑን የእኔ ሆኑ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤተሰብ ይዛችሁ የሄዳችሁ፣ በሞቴ የኖራችሁትን ንገሩኝ።

የቢቸና ልጅ (ቶሮንቶ)

ወንድምዓለም፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ቶሮንቶ 8 ዓመት ሆነኝ።

ከከተማው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለቤትህ የሌሊት ሺፍት ስትገባ፣ አንተም ሥራ ስትይዝ፣ ትንሿን ማን ይይዛታል? እዚያ እናትህ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ልጅ የምትይዝ ሠራተኛም አትጠፋም። እዚህ ግን ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። እኛ ስንመጣ ይህን አላሰብነውም። እኔ ጠዋት ስወጣ ባለቤቴ ከሌሊት ሥራ ይገባል፤ በር ላይ ልጅ እየተቀባበልን ሁለት ዓመት ኖርን። ከእሑድ በቀር አብረን ማዕድ የቀረብንበትን ቀን አላስታውስም።

በዚህ በኩል ኦንታሪዮ፣ ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ ለእናንተ ይጠቅማችኋል። በዓመቱ ውስጥ 4 የሚሞላው ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ሙሉ ቀን ይውላል፤ ክፍያ የለውም። ኤድመንተን ያለችበት አልበርታና ዊኒፔግ ያለችበት ማኒቶባ አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ይጠብቃሉ፣ ያውም ግማሽ ቀን የሚበዛበት ነው። ለአንተ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ይሠራል ወይስ ቤት ይውላል የሚለውን ይወስናል።

ኪራዩን በተመለከተ ጓደኛህ አልዋሸም። እዚህ አንድ መኝታ የምንከራይበት ገንዘብ ኤድመንተን ሁለት መኝታ ያስከራያል። አዲስ ገቢ ስለሆናችሁ ክሬዲት (የብድር ታሪክ) የላችሁም፣ የሥራ ማስረጃ የላችሁም፤ አከራዩ ብዙ ያንገራግራል። በሕጉ መጀመሪያ መጠየቅ የሚችለው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወር ኪራይ ነው። ከዚያ በላይ ክፈል ካለህ እንዳትደነግጥ፣ ጠይቅ።

የአክስቷን ልጅ ደግሞ ቤቱ ስንት ክፍል እንደሆነ ጠይቁት። ይሉኝታ አይያዛችሁ። እኔ እንደ እህቴ ከማያት ሰው ጋር የተኳረፍኩት ሁለት ቤተሰብ አንድ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ አራት ወር ስለኖርን ነው። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ ቤቱ ጠበበን። ሁለት ሳምንት አሳድሮ ቤት የሚያስፈልግላችሁ ሰው ከሆነ ግን ትልቅ ሀብት ነው።

ከማርቆስ ሆናችሁ ፎቶ አይታችሁ ቀብድ እንዳትልኩ። እኛ ልከን ተበልተናል። ቤቱ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ኦታዋንም አስቡበት። ያው ኦንታሪዮ ነው፣ ትንሿ በ4 ዓመቷ ትገባለች፣ ኪራዩም ከቶሮንቶ ይቀላል።

ባለ ፍኖተ ሰላም (ኤድመንተን)

ሰላም መምህር። ከላይ እህቴ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ኤድመንተን ልንገርህ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።

መጀመሪያ ጥሩው። አልበርታ የክፍለ ሀገር የሽያጭ ታክስ የለም። ዕቃ ስትገዛ የፌዴራሉን 5 በመቶ ብቻ ትከፍላለህ፤ ኦንታሪዮ 13 ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ለቤት ዕቃና ለአዋቂ የክረምት ጃኬት ስትሮጥ ልዩነቱ ይታወቅሃል። ፈቃድ ያለው ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ ለሙሉ ቀን በወር 326 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ቦታ ግን ወረፋ አለው። ጓደኛህ ሰፈሩ ባሉት ሁሉ ከአሁኑ ያስመዝግብልህ፤ እኔ ከገባሁ በኋላ ነው የጀመርኩት፣ ሰባት ወር ጠበቅኩ።

አሁን ደግሞ ሰው የማይነግርህ። ኦንታሪዮ ውስጥ ከ2018 ኖቬምበር 15 በፊት ሰው የኖረበት ቤት ከተከራየህ የዓመት ጭማሪው በመንግሥት የተገደበ ነው። አልበርታ ገደብ የለም። በዓመት አንዴ ብቻ ነው መጨመር የሚችሉት፣ የፈለጉትን ያህል ግን ይጨምራሉ። እኔን በአንድ ጊዜ በብዙ ጨምረውብኝ ልጆቹን ከትምህርት ቤታቸው አውጥቼ ሰፈር ቀይሬያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ብርዱን ልብስ ይችለዋል። ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል፣ መኪናውን ሌሊት ኤሌክትሪክ ላይ ሰክተህ ታሳድረዋለህ፣ ግን ቤቱ ይሞቃል፣ አውቶቡሱም ይሞቃል። የማርቆስ የነሐሴ ጭጋግ ቤት ውስጥ ገብቶ አጥንት እንደሚበላው አይደለም። የሚከብደው ጨለማው ነው። በታኅሣሥ በእኛ ሰዓት ለ3 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፀሐይ ትወጣለች፣ 10 ከሩብ ላይ ትጠልቃለች። ልጆች በጨለማ ሄደው በመሸ ይመለሳሉ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ክረምት አልቅሳ ነው የጨረሰችው። ከመጣችሁ በግንቦት ወይም በሰኔ ግቡ። ልጆቹ አገሩን ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ ፀሐይ እስከ ማታ 4 ሰዓት ሳትጠልቅ ይዩት። ያኔ ክረምቱ ሲመጣ የሚያልፍ መሆኑን ያምናሉ።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። እንደገባችሁ የልጆች ድጎማውን፣ ቻይልድ ቤኔፊት የሚሉትን፣ አመልክቱ። ገቢ ባይኖራችሁም ሁለታችሁም በየዓመቱ የታክስ መግለጫ አስገቡ፤ ካላስገባችሁ ይቆማል። ልጆቹ 18 እስኪሞላቸው በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ነው። ሦስት ልጅ ላለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ኪራይን የሚያግዘው እሱ ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ካልጋሪ)

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ዊኒፔግ ነበርን፣ አሁን ካልጋሪ ነን። ሁላችሁም ስለ ኪራይና ስለ ትንሿ ልጅ ጻፋችሁ። እኔ ስለ ትልቋ ልጻፍ።

ስንመጣ «ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) ያለው ሰው የትም መሄድ ይችላል፣ ሞክሩት፣ ካልተመቻችሁ ትዘዋወራላችሁ» አሉን። ሕጉ እንደዚያ ነው። ለወንደላጤም ይሠራል። ለልጆች ግን መዘዋወሩ ነፃ አይደለም። የእኔ ልጅ ዊኒፔግ ስንገባ 12 ዓመቷ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ምሳዋን ብቻዋን በላች። እንግሊዝኛው ሲከፈትላት ሁለት ጓደኛ አገኘች፤ አንዷ ኤርትራዊት፣ አንዷ ፊሊፒናዊት። መሳቅ ጀመረች። ልክ በዚያን ጊዜ ባለቤቴ ካልጋሪ የተሻለ ሥራ አገኘና ተነሣን። ልጄ 15 ዓመቷ ነበር። ለስድስት ወር ከክፍሏ አልወጣችም። «እማ፣ እንደገና ከዜሮ መጀመር ደክሞኛል» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ መናገሩንም ያን ጊዜ ነው የተወችው። ተቆጥታን ነበር። አሁን ተመልሳለች፣ ግን ያን ዓመት ማንም አይመልስልኝም።

መምህር፣ ትንሿ የትም ብትሄድ በሦስት ወር እንግሊዝኛ ትናገራለች። የእሷ ችግር እንክብካቤ ነው፣ እሱን በገንዘብና በሺፍት ታስተካክሉታላችሁ። ትልቋ ግን ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ የቀራት አምስት ዓመት ያህል ነው። እዚህ ልጅን በዕድሜው ነው የሚመድቡት። አንድ ዓመት ቤት ብትቀመጥም ከእኩዮቿ ጋር ይከቷታል፤ የቋንቋ ድጋፍ ይሰጧታል። ዝቅ አያደርጓትም ማለት ነው፤ ያመለጣትን ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርላትም። አንተ የሒሳብ መምህር መሆንህ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅማት።

ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ ብትጠይቁት ይሻላል፦ ለአምስት ዓመት ሳንነሣ የምንቀመጥበት የቱ ነው? ኪራዩን በሁለታችሁ የመጀመሪያ ደሞዝ የምትችሉት፣ ያውም ዝቅተኛ ደሞዝ ነው፣ ባለቤትህም ፈቃዷን እስክታገኝ የምትቆዩበት። ከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጅህን የሚቀበላት አንድ ልጅ ካለ። አንድ ብቻ። ዊኒፔግ ቤቱ ርካሽ ነበር፣ ሰዉም ደግ ነው፤ እኛ ማንም ሳይኖረን ነው የገባነው፣ እሱ ነው የጎዳን።

አማርኛውን በተመለከተ፣ በምትሏቸው ከተሞች ሁሉ ቤተ ክርስቲያናችን አለ፤ ልጆች ፊደል የሚማሩበትም አይጠፋም። ግን ቋንቋውን የሚያቆየው ቤት ነው። የእኔ ትንሹ ልጅ እስከ ዛሬ አማርኛ የሚናገረው በየቀኑ ማታ ከአያቱ ጋር በስልክ ስለሚያወራ ነው። እናትህ ልክ ናቸው። እሳቸውንም አስተማሪ አድርጋቸው። ሥራችሁ ሲስተካከል ደግሞ ለወላጆች በሚሰጠው በሱፐር ቪዛ መጥተው በአንድ ጉዞ እስከ 5 ዓመት መቆየት ይችላሉ። ገቢያችሁ መስፈርቱን ማሟላት አለበት፣ የጤና መድኅንም ይገዛላቸዋል።

ነርስ ነኝ ከሞጣ

ለባለቤትህ፦ የነርስ ምዝገባ በየክፍለ ሀገሩ ለየብቻ ነው። እናንተ በምታስቧቸው ክፍለ ሀገሮች ግን ፈተናው አንድ ነው፣ ኤንክሌክስ። ስለዚህ የቱ ቶሎ ይሰጣል በሚለው ብዙ አትጨነቁ፤ አንዴ ከተመዘገበች ወደ ሌላው ማዛወር ከመጀመሪያው ምዝገባ በጣም ይቀላል።

ጊዜ የሚበላው ወረቀቱ ነው። ትራንስክሪፕቱና የሥራ ልምዱ ከተማረችበትና ከሠራችበት ቦታ በቀጥታ መላክ አለበት፤ በእጅ ይዛ ብትሄድ አይቀበሏትም። እኔ ከዚህ ከካናዳ ሆኜ ሬጅስትራር ቢሮ ድረስ የሚሄድልኝ ሰው ፍለጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ እየጠበቅኩ፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። አገር ቤት እያለች በእግሯ ሄዳ ታስጨርሰው። ፈቃዱ እስኪመጣ በረዳትነት ለመሥራት ትሞክር፤ አልበርታ ሄልዝ ኬር ኤይድ፣ ኦንታሪዮ ፒኤስደብሊው ይሉታል። ሥራው ከባድ ነው፣ ግን የሆስፒታሉን ቋንቋ እዚያ ነው የምትለምደው።

የልጆቹን የክትባት ካርድና የትምህርት ማስረጃ በእንግሊዝኛ አስተርጉሙ። መንጃ ፈቃድ ካለህም ስንት ዓመት እንደነዳህ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጠህ መሥሪያ ቤት አጽፍ።

የማርቆስ መምህር

እታለም የቢቸናዋ፣ ወንድሜ ከፍኖተ ሰላም፣ ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት ነው ያመሸሁት። የዳንግላዋን እህቴን ጽሑፍ ስንጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። እስከ ዛሬ ትልቋን አንድም ቀን አልጠየቅናትም።

ትናንት ማታ ጠየቅናት። ከተማ አልመረጠችም። «እዚያ የማውቀው ሰው አለ?» ነው ያለችው። የኤድመንተኑ ጓደኛዬ የ14 ዓመት ልጅ አለችው። ደወልን፣ ሁለቱ አንድ ሰዓት ያህል አወሩ። በአማርኛ ነው ያወሩት፤ የዚያችኛዋ ትንሽ ይሰባበራል። ስልኩን ዘግታ መጥታ ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ምሳ የት እንደሚበሉ ለእናቷ ነገረቻት።

ወደ ኤድመንተን አዘንብለናል። ትንሿን አንድ ዓመት እኔ እይዛታለሁ፤ እግረ መንገዴን የመምህርነት ወረቀቴን እከታተላለሁ። ጓደኛዬ ለሁለት ሳምንት ያሳድረናል፣ ክፍሉንም ጠይቄዋለሁ፣ ሦስት መኝታ ነው። የመግቢያ ቀናችንን ወደ ግንቦት ማድረስ እንችላለን። ባለ ፍኖተ ሰላም፣ እሱ ያለው ከተማው በስተደቡብ ነው፣ ሚል ዉድስ የሚባለው ሰፈር። አንተ ታውቀዋለህ? እዚያ ያለው ዴይኬር ወረፋ እንዴት ነው?

ሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ሬጅስትራር ቢሮ እንሄዳለን።