«ቁጥር አይዋሽም» አሉን

የካዛንቺሷ፦ ከልጄ ትምህርት ቤት እየተንቀጠቀጥኩ ነው የወጣሁት። ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። ኬጂ ለማስገባት የአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና ሰጡት። ውጤቱ 92፣ 30ኛ ፐርሰንታይል ይላል። ሴትየዋ ወረቀቱን ገፋ አድርጋልኝ «ከመቶ 30 ነው ያገኘው፣ የኛ ትምህርት ይከብደዋል» አለችኝ። እንዲህ ይባላል?

ሒሳብ ወዳጅ፦ እህቴ፣ ያማል፣ ይገባኛል። ግን ቁጥር አይዋሽም። አሁን ካልተቀበልሽው አሥረኛ ክፍል ላይ ትቀበዪዋለሽ።

ቲቸር፦ ኧረ ቀስ! 30ኛ ፐርሰንታይል ማለት 100 እኩዮቹ ቢሰለፉ 30 ያህሉን ይበልጣል ማለት ነው። ከ100 ጥያቄ 30 መለሰ ማለት አይደለም። የአይኪው አማካይ 100 ነው፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ከ85 እስከ 115 ውስጥ ያርፋሉ። 92 እዚያው መሃል ነው። ደግሞ ከ92 አጠገብ እውነተኛው ውጤት ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል የሚል ነገር የለም?

የካዛንቺሷ፦ አሁን አየሁት። ከ86 እስከ 98 ይላል። ስለሱ ትንፍሽ አላለችም።

ሒሳብ ወዳጅ፦ 86 ከሆነስ?

ቲቸር፦ 98 ከሆነስ? አይዋሽም ያልከው ቁጥር ራሱ «እኔ እንጃ» እያለህ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ በምን ቋንቋ ነው የፈተኑት?

የካዛንቺሷ፦ በእንግሊዝኛ። ቤት በአማርኛ ነው የምናወራው። በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። የጃንጥላ ሥዕል ስታሳየው «ጃንጥላ» አለ። ዝም ብላ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጫር አደረገች። ቀይና ነጭ ኩቦች ሰጥታ ሥዕሉን አስመስል ስትለው ደግሞ በረድፍ ደርድሮ «ቀላል ባቡር» አላት።

የፒያሳ ልጅ፦ ጃንጥላን ጃንጥላ ብሎ የወደቀ ልጅ! ቁጥር አይዋሽም አሉ፣ ሃሃሃ።

ሒሳብ ወዳጅ፦ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ቤት በእንግሊዝኛ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ማንም አላስገደዳት።

ቲቸር፦ እንግሊዝኛውን ይፈትኑት፣ መብታቸው ነው። ጃንጥላን በእንግሊዝኛ አላለም ብለው ጭንቅላቱን ግን አይለኩ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቢኔ በፈረንጆች 1905 ላይ ፓሪስ ውስጥ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፈተና ሲያወጣ እገዛ የሚያስፈልገውን ልጅ ለመለየት ነበር። ከበር ለመመለስ አልነበረም።

የአራት ልጆች እናት፦ የኔ ትልቁ በአምስት ዓመቱ አፉን በደንብ አልፈታም ነበር። «ዘገምተኛ ነው» ብለውኝ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። ዛሬ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ይማራል።

ሒሳብ ወዳጅ፦ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም።

ቲቸር፦ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ግን በዚህ ዕድሜ የተገኘ ውጤት ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። አምስት ዓመት ላይ ያየኸውን ይዘህ ስለ አሥረኛ ክፍል አትተንብይ።

የፒያሳ ልጅ፦ ቆይ፣ ካዛንቺስ ፈርሶ የለ እንዴ? አንቺ የት ሆነሽ ነው?

የካዛንቺሷ፦ አያት ገብተናል። ስሜን ግን አልቀይርም።

የፒያሳ ልጅ፦ ከአያት መሃል ከተማ ድረስ ልጅ ታመላልሻለሽ? ስንት ሰዓት ይነሳል?

የካዛንቺሷ፦ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል። የፈተናው ለት ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት ተሸክሜው ነው የገባሁት።

ሒሳብ ወዳጅ፦ ይኸው፣ አሁን ደግሞ ጥፋተኛው ታክሲው ሆነ። አያት ትምህርት ቤት ጠፍቶ ነው?

የአራት ልጆች እናት፦ አንተ ልጅ፣ እናት ልጇን የት እንደምታስተምር አንተ ትነግራታለህ?

ሒሳብ ወዳጅ፦ እኔ ስለ ፈተናው ነው ያወራሁት እትዬ።

ቲቸር፦ ስለ ፈተናውማ እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ መፈተን የለበትም። ሌላ ቀን፣ በአማርኛ ጭምር እንዲያዩት ጠይቂ። በየፈተናው ክፍል ያመጣውንም ይስጡሽ፣ ድምሩ ብቻ ምንም አይነግርሽም።

የካዛንቺሷ፦ ጠይቄያለሁ። ሐሙስ ይምጣ ብለዋል። ክፍያው ግን እንደ አዲስ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ እሱ ቁጥር እንኳ እውነትም አይዋሽም።

ሒሳብ ወዳጅ፦ እስከ ሐሙስ ጃንጥላን በእንግሊዝኛ አስጠኚው።

የካዛንቺሷ፦ ጃንጥላ ነው ስሙ። ጃንጥላ!