ፖስትግሬስኪውኤል አዲሱ ዲስክ ላይ አልነሳ አለ፤ ኤስኢሊኑክስን ሳላጠፋ ምን ላድርግ?

የቡሬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ቡሬ ውስጥ የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ሰርቨር በኔ እጅ ነው። ሲስተሙ አልማሊኑክስ 9 ነው፣ የሊኑክስ ዓይነት። የበቆሎና የጤፍ ርክክብ መዝገቡ በሙሉ ፖስትግሬስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይ ነው ያለው። የድሮው ዲስክ ስለሞላ አዲስ ገዝተን /ዳታ ላይ ማውንት አደረግን፤ ማለትም በዚያ ስም ከሲስተሙ ጋር አገናኘነው። ፋይሎቹን «አርሲንክ -ኤ» በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ አዛወርን። ዳታቤዙ ግንኙነት የሚቀበልበት ፖርት ቁጥርም 5433 ሆኗል።

አሁን ሰርቪሱ አልነሳ አለኝ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ባለቤቱ ፖስትግሬስ ነው፣ ፈቃዱም 700 ነው። የሊኑክስን ተጨማሪ ጠባቂ ኤስኢሊኑክስን በ«ሴትኤንፎርስ 0» ሳላላው ግን ወዲያው ይነሳል። አንድ ባለሙያ በስልክ «አጥፊውና ተገላገይ» አለኝ። የገበሬ ሂሳብ ያለበትን ማሽን እንዲህ ክፍት ማድረግ አልፈልግም። ሰኞ ርክክብ ይጀመራል። እባካችሁ እርዱኝ።

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
እህቴ፣ እንዳታጠፊው። አሁኑኑ «ሴትኤንፎርስ 1» ብለሽ መልሺው።

የፋይል ባለቤትና ፈቃድ የሚያስተካክሉት ቾውንና ችሞድ ብቻቸውን አይበቁም። እነሱ ቢፈቅዱም ኤስኢሊኑክስ እምቢ ካለ ፋይሉ አይከፈትም። እሱ የሚያየው ፋይሉ ላይ የተለጠፈውን ሌብል ነው። እንደ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ጆንያው ላይ ምልክት ከሌለ አያሳልፍም። አርሲንክ ካፒታል ኤክስ ካልተጨመረበት ሌብሉን ይዞ አይመጣም። «ኤልኤስ -ኤልዜድ /ዳታ» ብለሽ እዪው፤ ዜዷ ካፒታል ናት። አዲስ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ስለሆነ «አንሌብልድ_ቲ» (ሌብል የሌለው) የሚል ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ።

ማስተካከያው ይሄ ነው፦
«ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት -ኤ -ቲ ፖስትግሬስኪውኤል_ዲቢ_ቲ '/ዳታ(/.*)?'»
ከዚያ «ሬስቶርኮን -አርቪ /ዳታ»፤ እዚህ አሯ ካፒታል ናት።

የመጀመሪያው ደንቡን ይመዘግባል፣ ሁለተኛው ፋይሎቹ ላይ ይለጥፋል። ደንብ ሳይመዘግብ ሌብል የሚቀይረውን «ችኮን» ብቻ የሚሉሽን አትስሚ፤ አንድ ሰው ሬስቶርኮን ባለ ቀን ይጠፋል።

ዓባይ ዳር፣ ባሕር ዳር
ከክልከላ ሎጉ ፈቃድ የሚያወጣው ኦዲትቱአላው እያለ ምን አደከማት? ሎጉን ትሰጪዋለሽ፣ ሞጁል (ተጨማሪ የፈቃድ ደንብ) ይሠራልሻል፣ በ«ሴሞጁል -አይ» ትጭኛለሽ። አለቀ።

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አልስማማም። ሎጉ የሚለው «ፖስትግሬስኪውኤል_ቲ አንሌብልድ_ቲን ሊነካ ፈለገ» ነው፤ የመጀመሪያው ዳታቤዙ ራሱ የሚሠራበት ሌብል ነው። ኦዲትቱአላው ያንኑ ቃል በቃል ወደ ፈቃድ ይለውጠዋል። ያኔ ዳታቤዙ ማሽኑ ላይ ያለ ሌብል የሌለው ፋይል ሁሉ ይከፈትለታል፤ ነገ የሚሰካ ሌላ ዲስክም ጭምር። ጥፋቱ ያለው ፋይሉ ላይ ነው፣ ፖሊሲው (የኤስኢሊኑክስ ደንቦች ስብስብ) ላይ አይደለም። ኦዲትቱአላው የሚያስፈልገው ሌብሉ ትክክል ሆኖም ሲከለከል ነው። ያኔም ደንቡ የተጻፈበትን የ«.ቲኢ» ፋይል ከፍቶ መስመር በመስመር ሳያነቡ መጫን አይገባም።

የቡሬዋ
ልክ ነህ፣ «አንሌብልድ_ቲ» ነበር። ሁለቱን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ የፈቃዱ ስህተት ጠፋ። አሁን ግን በሌላ ቆመ። የክልከላ ሎጉን ለማየት «ኤዩሰርች -ኤም ኤቪሲ -ቲኤስ ሪሰንት» ስል «ኔም_ባይንድ» እና 5433 ይላል።

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
ጎሽ፣ ሎጉን ማንበብሽ ደስ አለኝ። «ኔም_ባይንድ» ማለት ሰርቪሱ ፖርት ሊይዝ ሞከረ ማለት ነው፤ ፖርትም ሌብል አለው። ፖሊሲው ለፖስትግሬስ 5432ን ያውቃል፣ 5433ን ግን አያውቅም። እንዲህ በዪ፦
«ሴማኔጅ ፖርት -ኤ -ቲ ፖስትግሬስኪውኤል_ፖርት_ቲ -ፒ ቲሲፒ 5433»

ሌላም ከመጣ አንድ በአንድ አትልፊ። ሰርቪሱ በመጀመሪያው ክልከላ ስለሚወድቅ ቀጥሎ ያለው አይታይም። «ሴማኔጅ ፐርሚሲቭ -ኤ ፖስትግሬስኪውኤል_ቲ» ብትዪ ለዚያ ሰርቪስ ብቻ ይላላል፣ ሌላው ማሽን እንደተጠበቀ ነው። ክልከላዎቹን ከሎጉ ሰብስበሽ ስታበቂ በ«-ዲ» አንሺው።

የቡሬዋ
ተነሳ! ጌቴንፎርስም «ኤንፎርሲንግ» ይላል፣ ጥበቃው እንደበራ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ አሁንም ይሠራል። ፐርሚሲቩ አላስፈለገኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ
አሜን። የባክአፕ ስክሪፕትሽም ወደ /ዳታ የሚጽፍ ከሆነ ሌላ ቦታ አድርጊለት። እዚያ የሚገባ ፋይል ሁሉ የዳታቤዝ ሌብል ነው የሚወስደው።