የሙከራው ኪሳራ በማን ላይ ይውደቅ?

የባሕር ዳሩ፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን እዚህ የተነሳው ሐሳብ ከንክኖኛል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለምርምር ያጠሩት መሬት ለሥራ አጥ ወጣት ይከፋፈል፣ ምርምሩ በገበሬው ማሳ ላይ ይካሄድ የሚል ነው። ወጣቱ መሬት እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። በዚህ መንገድ ግን አልስማማም።

ሙከራ ሊከሽፍ ይችላል። ዐሥር ዓይነት ዘር ጎን ለጎን ትዘራለህ፤ አብዛኛው ላይረባ ይችላል። አለመርባቱን ማወቅም ራሱ ውጤት ነው። ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር ገደማ) መሬት ያለው ገበሬ ግን የልጆቹን ቀለብ በዚህ ላይ ማስያዝ የለበትም። ኪሳራውን መሸከም ያለበት የሙከራ እርሻው ነው።

ጤፍን እዩት። አበባው የሚከፈተው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ነው። 1,000 ፍሬው ግማሽ ግራም አይሞላም። በዚህ ምክንያት ጤፍን በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። የተቻለው በ1960ዎቹ ነው። ቁንጮ የሚባለው ዘር የተለቀቀው ደግሞ በ1998 ዓ.ም.። ሠላሳ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ማን ገበሬ ማሳውን ይዞ ይጠብቃል?

የቢቸናው፦
ወንድሜ፣ ቁንጮን ካነሳህ ታሪኩን ሙሉ አድርገው። ከቁንጮ በፊት ዱከም የሚባለው ምርታማ ዘር ነበረ። ችግሩ እንደ ማኛ አልነጣም። ገበያ ላይ ደግሞ ዋጋ የሚቆርጠው ንጣቱ ነው። ማኛው ነጭ ነው፣ ምርቱ ግን ያንሳል። ሁለቱ ተዳቅለው ነው ቁንጮ የመጣው። ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ሰው አጥር ውስጥ ተቀምጦ ይህን አያውቀውም። እናቴ ግን ታውቀዋለች። ጤፉን መዳፏ ላይ አፍስሳ፣ እፍ ብላበት፣ ዋጋውን ትነግርሃለች። ደግሞ የእኛ መሬት ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። በእናንተ ግቢ አፈር ላይ የሠራው እኛ ዘንድ ላይሠራ ይችላል።

የእንጅባራዋ፦
እኔም ስለ አፈር ልናገር። ባለፈው ክረምት የአጎቴን ገብስ ከነሥሩ ነቅዬ አየሁት። ሥሩ አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ወደ ታች መውረድ አቅቶታል። አጎቴ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብሎ ጨመረበት። ለውጥ የለም። አፈሩ አሲዳማ ነው። አሲዱ ሲበዛ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። የተጨመረው ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ግን ለሄክታር 20 እና 30 ኩንታል ኖራ ገዝቶ፣ በአህያ ጭኖ ዳገት ማውጣት ቀላል አይደለም። ስንት ቢቀነስ ይበቃል? ስንት ዓመት ይቆያል? ይህን ለማወቅ አንድ ማሳ ላይ ዓመት ቆጥሮ መከታተል ይጠይቃል። የማስተርስ ተማሪ አንድ ክረምት ለክቶ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ራሱ መላ ፈጥሯል። ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል፣ ከዚያ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ቀድሞ ያሰበው ገበሬው ነው፤ ተመራማሪው በኋላ መጥቶ ነው ያጠናው። በቅርብ ዓመታት ዛፉ ላይ በሽታ ሲገባ ግን ገበሬው ብቻውን ምን ያድርግ? እኔ እርሻውም ላቦራቶሪውም የሚያስፈልገኝ ያኔ ነው።

የዳንግላው፦
ስለ ሰብል ብቻ ተወራ። የበጉስ ነገር? ዋሸራ በግ የእኛ ሀብት ነው። እኛ ቤት የሚሆነውን ልንገራችሁ። ፈጥኖ ያደገው ወንድ በግ ለፋሲካ ይሸጣል። ገንዘቡ ያስፈልገናላ። መንጋው ውስጥ ቀርቶ የሚያስረግዘው የቀጨጨው ነው። በየዓመቱ እንዲህ እያደረግን ዘራችንን በገዛ እጃችን እናኮስሳለን። ጥሩውን አውራ የማይሸጥ፣ ጠቦቱን በተወለደበት ቀን መዝኖ፣ ጆሮው ላይ ቁጥር አድርጎ፣ እናትና አባቱን መዝግቦ የሚያቆይ ቦታ ያስፈልጋል። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ከብት ዘር ይዞ የቆየው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። መሬቱ ለወጣት ቢከፋፈል እነዚያ መንጋዎች የት ይሄዳሉ?

ከይልማና ዴንሳ፦
ልጆቼ፣ እኔ ገበሬ ነኝ፤ የምጽፈው በልጄ እጅ ነው። አንድ ጊዜ የምርምር ቡድን መጥቶ ከማሳዬ አንድ ቃዳ ለጤፍ ሙከራ ወሰደ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰጠሁ። ሲደርስ «መጥተን ሳንመዝን እንዳታጭድ» አሉኝ። ጠበቅኳቸው። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ጤፉ በላዩ ላይ ረገፈ። ሲመጡ የቀረውን መዘኑ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። ምን እንዳገኙ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ልጅ ያለው ልክ ነው። ኪሳራው እኔ ላይ ነው የወደቀው። ግን ሁሉንም አጥር ውስጥ አድርጉት አልልም። ያኔ ጭራሽ አላየውም።

የቡሬው መምህር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ። እኔ ያንን ቡድን ባላውቀውም ነገሩ የሙያዬ ሰዎች ጥፋት ነው፣ ያሳፍረኛል። ችግሩ ሥር አለው። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1940ዎቹ ሲጀመር ማስተማሩ፣ ምርምሩና ለገበሬው ማድረሱ በአንድ እጅ ነበር። በኋላ ተለያዩ። ዛሬ ዘር የሚያሻሽለው እንደ አዴት ያለ የእርሻ ምርምር ማዕከል ነው፣ ተማሪው እኛ ዘንድ ነው፣ ገበሬውን የሚያገኘው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ውጤቱን ለእርስዎ መልሶ መንገር የማን ሥራ እንደሆነ አልተለየም።

የባሕር ዳሩ፦
ጋሼ ያሉትን ሳነብ ሐሳቤን አስተካከልኩ። እርሻው ይኑር እላለሁ አሁንም። ያልተፈተነ ዘር እዚያ ይፈተን፣ እዚያ ይክሰር። ገበሬው ጋ የሚሄደው ያለፉት ሁለት ሦስቱ ብቻ ይሁኑ። ሲሄዱም ውል ይኑር፤ ምርቱ ከጎረቤት ማሳ ካነሰ ልዩነቱ በእህል ይከፈል። የአጨዳውን ቀን ገበሬው ይወስን። ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። በመስከረም መጨረሻ የእርሻው በር ይከፈት፤ የከሸፈውም መደብ ሳይታጨድ ይታይ።

የቢቸናው፦
በዚህ እስማማለሁ። ዘሩን ሲመርጡ ግን ሴቶቹን ጥሩ። እንጀራውን የሚጋግሩት እነሱ ናቸው።

ከይልማና ዴንሳ፦
በእህል ይከፈል ያልከው ጥሩ ነው ልጄ። ብር ከሆነ እስኪመጣ ድረስ ዋጋው ይለወጣል። ውሉ ላይ ጣቴን አደርጋለሁ፣ አንዱ ቅጂ ግን እኔ ቤት ይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ ለሚመጣው ክረምት ያችኑ ቃዳ እሰጣለሁ። ከሐምሌ በፊት ንገሩኝ፤ አራት ጊዜ አርሼ ነው የምጠብቃችሁ።