«የቆጡን አወርድ ብላ»፦ ብብቷ ውስጥ ምን ነበር?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የካቲት 26 ዕለት ቤት ቁጭ ብለን ስለ ካራማራ ድል የሚተላለፍ ፕሮግራም እያየን ነበር። አባቴ ቡናውን ፉት አለና «የሶማሊያው ዚያድ ባሬ እኮ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሆነው» አለ። ታናሽ እህቴ ወዲያው «ቆጥ ምንድን ነው?» አለችው። አባቴ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ጣራችን ኮርኒስ ነው። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻለም። እኔም ዝም አልኩ። ተረቱን ስንት ጊዜ ተርቼዋለሁ፤ ቆጥ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ቆጥ ምን ዓይነት ነገር ነው? ደግሞስ ተረቱ ጎረቤት አገር ለወረረ መንግሥት ይሆናል ወይ? ወረራ ከጓዳ ጥፋት ጋር የሚነጻጸር አልመስልህ አለኝ።

ጓዳ፦
ቆጡን ለኔ ተዉት። ቆጥ ያለበት ቤት ነው ያደግኩት።

ከምድጃው ከፍ፣ ከጣራው ዝቅ ብሎ በእንጨት የተረበረበ ነገር አስብ። ወፍራም ወፍራሙ እንጨት ይጋደማል፤ በላዩ ቀጫጭኑ ይደረደራል። ቀን ዕቃ ይቀመጥበታል፤ ማታ ዶሮ ይሰፍርበታል። አሠራሩ በየአገሩ ይለያያል። የእኛው ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲታጠን የኖረ ስለሆነ ከዚያ ያወረድከው ነገር ሁሉ ጥላሸት ለብሶ ነው የሚወርደው።

አሁን ተነሥተህ ሞክረው። ብብትህ ሥር የሆነ ነገር ሸጉጥ። ከዚያ ከራስህ በላይ ያለ ዕቃ ለማውረድ ተንጠራራ። ክንድህን ካላነሣህ አትደርስበትም። ካነሣህ ደግሞ ብብትህ ተከፈተ። ሴትየዋ ዝርክርክ ሆና አይደለም የጣለችው፤ መንጠራራቱ ራሱ ነው ያስጣላት። ሰው ይህን ተረት «ስግብግብ» ለማለት ብቻ ይጠቀምበታል። ለኔ ግን ተረቱ ስለ ሆድ ሳይሆን ስለ ክንድ ነው።

ጠያቂ፦
እትዬ ጓዳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ኩሽና ውስጥ ሞክሬው የሻይ ቆርቆሮ ጣልኩ። እንግዲህ የዚያድ ባሬ ቆጥ ኦጋዴን ከሆነ ብብቱ ሥር የነበረው ምንድን ነው?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ብብቱ ሥር የነበረችው ሞስኮ ናት።

እኔ ያኔ ሐረር ግንባር ነበርኩ። የማውቀውን ልንገርህ። የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለችው ኮከብ ባለ አምስት ጫፍ ናት፤ ሶማሌ የሚኖርባቸውን አምስት ምድሮች ታመለክታለች። አንዱ ኦጋዴን ነው። ዚያድ ባሬ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሶቭየት ኅብረት ሠራዊቱን አስታጠቀችለት፣ አሠለጠነችለት። እሱም የበርበራን ወደብ ለሶቭየት ባሕር ኃይል ከፈተላት። በ1966 የወዳጅነት ውል ፈረሙ። ይህን ሁሉ ጥብቅ አድርጎ ብብቱ ሥር ይዞታል ማለት ነው።

በ1969 ወደ እኛ ሲያይ ቆጡ ዝቅ ያለ መሰለው። ከአሜሪካ ጋር ተጣልተናል። ጦራችን ኤርትራ ውስጥ ተወጥሯል። አዲስ አበባ ውስጥ ወንድም ወንድሙን ይገድላል። ካስትሮ በዚያው ዓመት ሁለቱን መሪዎች ኤደን ላይ አገናኝቶ «ፌዴሬሽን መሥርቱ» ቢላቸው ዚያድ ባሬ አሻፈረኝ አለ። ሐምሌ ላይ ገባ። ጎዴ ተያዘች፤ ድሬዳዋ ለጥቂት ተረፈች፤ መስከረም 1970 ሲጠባ ጅግጅጋ ወደቀች። አየር ኃይላችን በኤፍ-5ቶቹ ሰማዩን ባይዝልን ኖሮ ሐረርም አትተርፍም ነበር።

ታዲያ እጁ ቆጡን ሲነካ ብብቱ ተከፈተ። ሞስኮ መሣሪያውን አቆመችበት። እሱም ተናደደና ኅዳር 4 ቀን 1970 ውሉን ቀዶ የሶቭየት አማካሪዎችን አባረረ፤ ከኩባም ጋር ግንኙነቱን አቋረጠ። ዋሽንግተን ትቀበለኛለች ብሎ ነው። ዋሽንግተን ግን መሬቱን ሳይለቅ መሣሪያ አልሰጥም አለች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የሶቭየት አውሮፕላኖች በላይ በላዩ እኛ ዘንድ ማረፍ ጀመሩ። ከኩባ 15 ሺህ ገደማ ወታደር መጣ። ትናንት የሶማሊያን ጦር ያሠለጠነው አገር ዛሬ የእኛን መልሶ ማጥቃት አብሮን አቀደ። ያስታጠቀህ ሰው የጥይትህን ብዛት ያውቃል።

ሥረ ቃል፦
ጋሼ፣ ንግግርዎን ማቋረጥ አልፈልግም። ግን «ወረራ» የምትለዋ ቃል ሳትታይ እንዳታልፍ።

ወረረ ማለት በብዛትና በፍጥነት አለበሰ፣ አጥለቀለቀ ነው። አንበጣ ይወርራል፤ ወረርሽኝም የዚሁ ልጅ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ «የመሬት ወረራ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። በቃሉ ውስጥ መቀመጥ የለም፤ መምጣት ብቻ ነው ያለው። ድምፁ የሚቀርበው ሌላ ቃል ወረሰ ነው። ሥሩ ሌላ ነው፤ ግን ወራሪ እና ወራሽ ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ወራሽ የሚባል የሚተካ፣ የሚቆይ ነው፤ አልጋ ወራሽ እንዲሉ። የጣሊያንን አምስት ዓመት አባቶቻችን «የጠላት ወረራ» ብለው የጠሩት ዝም ብለው አይመስለኝም። ወረረን እንጂ አልወረሰንም ማለታቸው ነው።

ሞቃዲሾ ደግሞ ይህችን ቃል በጭራሽ አልፈለገቻትም። ለወራት የሚዋጋው የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ነው፣ የእኛ መደበኛ ጦር አልገባም ስትል ቆይታ ያመነችው የካቲት 1970 ላይ ነው፤ ያኔ ጦሩ ሊሸነፍ ሳምንታት ቀርተውት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ድንበር ይከበር ብሎ ወስኗል። በየአገሩ የተሰመረው መስመር እንዲነካ የሚፈልግ መሪ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። እንግዲህ «ወራሪ» የምትለው ስም ከተለጠፈችብህ ብቻህን ቀረህ። ኬንያ እንኳ ከእኛ ጋር ቆመች።

በእኛ በኩል የተለመደው ቃል «ሰርጎ ገብ» ነበር። ሰረገ ውሃ ወደ መሬት ሲገባ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይታይ። ለሽምቅ ተዋጊ ያምራል። በታንክ የመጣን ግን ሰረገ አትለውም።

ደግሞ «ተስፋፊ»። አንድ ተማሪዬ ከ«ተስፋ» የመጣ መስሎት ነበር። አይደለም። ተስፋ የግዕዙ ሰፈወ ነው። ተስፋፊ ከሰፋ፣ ከግዕዙ ሰፍሐ ነው። ሆኖም ልጁን ብዙ አልተቆጣሁትም።

ጡረተኛው፦
ሰርጎ ገብ ስትል ሳቄ መጣ። እኛ ጦሩ ውስጥ ሌላ ቃል ነበረን፦ ቆረጣ። ጠላት ፊት ለፊት ምሽግ ይዞ ሲጠብቅህ በጎን ዞረህ ከኋላው ትገባለህ። መንገዱን፣ ስንቁን፣ ወሬውን ትቆርጥበታለህ። «በቆረጣ ገባን» ይባላል።

ወደ ጅግጅጋ የሚያስገባው የማርዳ በር ጠባብ ነው። ከላዩ የካራማራ ተራራ። እዚያ በር ላይ ፊት ለፊት መግባት ማለት ራስን ለወፍጮ መስጠት ነው። ከፊሉ ጦር ከፊት ሲያስጨንቀው ሌላው በሰሜን በኩል ዞረ፤ ሄሊኮፕተርም ሰውና መሣሪያ ከተራራው ወዲያ አወረደ። ጅግጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ዚያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ ለዓለም ተናገረ። «አስወጣለሁ» ነው ያለው። እኛ «ሸሸ» እንላለን፤ የጦር ሪፖርት ብትጽፍ «አፈገፈገ» ትላለህ። ሦስቱም ያው አንድ መንገድ ናቸው፤ ጫማቸው ነው የሚለየው።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከተረቱ ውጪ ነው ይቅርታ። የእናት ሀገር ጥሪ ከታወጀ በኋላ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ ወደ ግንባር ሲመጣ ብዙው ገበሬ ነው። አንዱ በሶውን በአሮጌ ነጠላ ቋጥሮ ብብቱ ሥር ይዞት ይሄድ ነበር። ቦርሳው ውስጥ አድርገው ብንለው እምቢ አለ። ተኩስ ሲከፈት እንኳ ክንዱን አላላላም። የእትዬ ጓዳን ጽሑፍ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ጓዳ፦
ጋሼ፣ አስለቀሱኝ። በየቀበሌው እኮ በሶ ሲፈጭ፣ ዳቦ ቆሎ ሲቆረጥ ነበር የሚታደረው። ታጠቅ ሲሉ ደግሞ የቴዎድሮስ የፈረስ ስም ትዝ ይለኛል፤ አባ ታጠቅ።

የጅግጅጋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ከተማዬ «ወደቀች»፣ «ተመለሰች» ስትባል ሰው እንዳለባትም ይታወስ ብዬ ነው የገባሁት።

አያቴ ስለዚያ ጊዜ በሶማሊኛ «ዱላን» ትላለች። ዱል መብረርም ነው፣ መዝመትም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ዱላውን ነው የሚያስቡት፤ ብዙም አልተሳሳቱም። ማን ወራሪ፣ ማን ነፃ አውጪ እንደነበር ግን ተናግራ አታውቅም። «ሰባ ሰባት» ብቻ ትላለች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የእኛ ቤተሰብ ጦሩ ሲመለስ በቀልን ፈርቶ ድንበር ተሻገረ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የተሻገረው። እናቴ ሶማሊያ ውስጥ መጠለያ ጣቢያ ተወለደች። ወደ ቀዬአቸው የተመለሱት በ1983 ነው፤ ያኔ ደግሞ ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው።

ስለዚህ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ከብብቱ የወደቀችው ሞስኮ ብቻ አይደለችም። ጦሩ በተመለሰ በወሩ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1970፣ መኮንኖቹ ሞቃዲሾ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከሸፈ። ብዙዎቹ ተረሸኑ። ካመለጡት አንዱ አብዱላሂ ዩሱፍ ነበር፤ ኢትዮጵያ ገብቶ ተቃዋሚ ጦር አደራጀ፣ ኋላ በ1997 የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1973 ደግሞ የሰሜን ሶማሊያዎቹ ንቅናቄ ተመሠረተ፤ እሱም ጦሩን ኢትዮጵያ ውስጥ አደረገ። ዚያድ ባሬም በበኩሉ ለሻዕቢያና ለወያኔ ሞቃዲሾ ላይ ቢሮ ከፈተ፣ ፓስፖርት ሰጠ። አማርኛው ለዚህ «እሾህን በእሾህ» ይላል። እሾሁ ግን እግር ውስጥ ቀረ።

ጡረተኛው፦
እውነትህን ነው ልጄ። ይቅርታ፤ ወታደር ካርታ ሲያይ ሰው አይታየውም።

የጅግጅጋ ልጅ፦
ምንም አይደል ጋሼ። ልጨርሰው። መጋቢት 1980 ላይ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ፤ አንዱ የሌላውን አማፂ ላይረዳ። የሰሜኖቹ ተዋጊዎች መጠጊያ ሲያጡ በዚያው ግንቦት ሐርጌሳ ገቡ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ደበደቡ። አስቡት፤ ከዚያው ተነሥቶ ያንኑ። ዛሬ ከተማዋ መሐል ሐውልት ሆኖ የቆመው አንድ ሚግ ነው። ኦጋዴንን አወርዳለሁ ያለ መንግሥት ሰሜኑን ራሱን ጣለ። ሶማሌላንድ ነፃነቷን ያወጀችው ግንቦት 1983 ነው።

ሥረ ቃል፦
1983ን ካነሣህ አንድ ነገር ልበል። ዚያድ ባሬ ሞቃዲሾን ጥሎ የወጣው ጥር 1983 ነው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባን ጥሎ የወጣው ግንቦት 13 ቀን 1983። በአራት ወር ልዩነት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ።

ጡረተኛው፦
እሱን ሳላነሣ ላልፍ ነበር፤ ያዝከኝ። ካራማራ ላይ ስናሸንፍ ጦሩ አበጠ፣ መሣሪያው ተከመረ። ክረምቱ ሳይወጣ ያንኑ ጦር ወደ ኤርትራ አዞሩት። ሶማሊያን በመሣሪያ ስላሸነፍን ሁሉንም በመሣሪያ የምንጨርስ መሰለን። እኔ ራሴ መስሎኝ ነበር። የተወረረ መከላከሉ ልክ ነው፤ ዛሬም አልጸጸትም። ከዚያ በኋላ ግን ክንዳችንን አላወረድነውም። እኛስ ብብታችን ሥር ምን ነበር?

ጓዳ፦
ጋሼ፣ ይህን ተረት ለራስ መተረት ከባድ ነው። ሰው ሁልጊዜ የሚተርተው በሌላው ነው።

ሥረ ቃል፦
ለዚያ ይመስለኛል ተረቱ «ብላ… ጣለች» ብሎ በሴት አንቀጽ የቀረው። ዚያድ ባሬም ሆነ ማንም ወንድ ሲተረትበት «ብላ» እንደሆነ ይቀራል። አንዳንዱ «ብሎ የብብቱን ጣለ» ብሎ ሊያስተካክለው ይሞክራል፤ ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። ሴትየዋ ማን እንደሆነች ስለማይታወቅ ማንም ሊሆን ይችላል። ብብት የሚለውን በጉያ መለወጥም አይሠራም። ጉያ ውስጥ ያለ ነገር ክንድ ስታነሣ አይወድቅም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን በሙሉ ለአባቴ አነበብኩለት። የ1983ቱ ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ፤ ምንም አላለም። የእህቴ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ቆጡ ላይ ምን ነበር? ብብቷ ሥርስ? ተረቱ አይናገርም። አባቴ ብዙ አስቦ «ቆጡ ላይ ዶሮ ብብቷ ሥር እንቁላል ይሆናላ» አለ። እህቴ «እንቁላል ብብት ሥር ማን ይይዛል?» ብላ ሳቀችበት። ከአገር ቤት ሌላ የሰማ ካለ ይጻፍልን።