ድሬ ላይ ሆኖ ለቼዝ ኮርስ ዶላር መክፈል ያዋጣል?

ጠያቂ፦ አቦ የድሬ ቼዝ ተጫዋቾች፣ ሊቼስ (ነጻ የቼዝ ድረ-ገጽ) ላይ በራፒድ ጨዋታ ሬቲንጉ (የጥንካሬ ነጥቡ) 1450 አካባቢ ያለ ሰው ቼሴብል (የቼዝ ኮርስ የሚሸጥ ድረ-ገጽ) ላይ የመክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) ኮርስ ቢገዛ ያዋጣዋል? ወይስ የቼስ ዶት ኮም (ሌላ የቼዝ መጫወቻ ድረ-ገጽ) የሚከፈልበት አባልነት ይሻላል? ጠቁሙ።

ከዚራ፦ የመክፈቻ ኮርስ ይቅርብህ። እስከ 15ኛው እርምጃ ያስሸመድድሃል፣ አንተ ደረጃ ላይ ያለ ተጋጣሚ ግን በ5ኛው ከመስመሩ ወጥቷል። የቀረው ለፈተና የማይመጣ ምዕራፍ ነው። ሊቼስ ላይ የመክፈቻ ማሰሻውን (Opening explorer) ክፈትና ሬቲንጉን 1400 እና 1600 ላይ ገድበው፤ በእርግጥ የሚገጥምህን እርምጃ ከነብዛቱ ያሳይሃል። ለነጭ አንድ መክፈቻ፣ ለጥቁር ለኢ4 እና ለዲ4 (ነጭ በንጉሡ ወይም በንግሥቷ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ሲገፋ) አንዳንድ መልስ ይበቃል።

በዚህ ደረጃ ጨዋታ የሚያልቀው ፈረስ ወይም ሩክ በነጻ ሲሰጥ ነው። በቀን 20 ደቂቃ እንቆቅልሽ ሥራ፤ መስመሩን እስከ መጨረሻው ሳታስብ ግን አትንካ። በግምት መነካካት ነው ብዙውን የሚያከስረው። ጨዋታህ 15+10 (15 ደቂቃ፣ በየእርምጃው 10 ሰከንድ ጭማሪ) ይሁን፤ ብሊትዝ (የጥቂት ደቂቃ ጨዋታ) ያለህን ልማድ ያጸናል እንጂ አዲስ አያስተምርም። ሲያልቅ የተበላሸበትን ቦታ መጀመሪያ ራስህ ፈልግ፣ ከዚያ የኮምፒውተር ትንተና ጠይቅ። ሊቼስ ላይ ይህ ሁሉ ነጻ ነው። ቼስ ዶት ኮም በነጻ የሚሰጠው የጨዋታ ግምገማም እንቆቅልሹም የተገደበ ነው፤ አባልነቱ በዋናነት ገደብ ማንሻ ነው።

ሳቢያን፦ በመክፈቻው እስማማለሁ፣ ግን የሚከፈለውን ሁሉ አትኮንን። የኢንድጌም (የጨዋታ ማብቂያ) ኮርስ ገንዘቡን ያወጣል፣ ትምህርቱ አያረጅምና። የቼሴብል ጥቅሙ ልትረሳው ስትል እየጠበቀ መልሶ መጠየቁ ነው። ለፊሊዶር ዓይነት አቋም (ሩክ ብቻ ያለው ተከላካይ ሩክና ወታደር ካለው አጥቂ ጋር አቻ የሚወጣበት) ልክ ነው፦ ተከላካዩ ሩኩን ከራሱ በኩል 3ኛው ረድፍ ላይ ያቆማል፤ የአጥቂው ወታደር እዚያ ረድፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ሩኩን ከኋላ አርቆ ቼክ ይጀምራል፣ የአጥቂው ንጉሥ መጠለያ አጥቷልና። ብዙው ሰው ይቸኩልና ወታደሩ ሳይገፋ ረድፉን ይለቃል፤ ያኔ ንጉሡ ሰተት ብሎ ይገባል። ይሄ እና ሉሴና (አጥቂው የሚያሸንፍበት የሩክ አቋም) ሊቼስ ልምምድ ውስጥ በነጻ አሉ፣ መጀመሪያ እነሱን ጨርስ። ኮርስ ከገዛህ በቀን ከ5 በላይ አዲስ መስመር አትጨምር፤ ክለሳው ይከመርና ትተወዋለህ። ቪዲዮ የሌለውን ውሰድ፤ ይረክሳል፣ ዳታም አይበላም።

ታይዋን፦ ክፍያው ላይ፦ በቴሌብር አይሆንም፣ ተራው የባንክ ካርድም አይሠራም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። በውጭ ዘመድ ካርድ ከሆነ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ኮርስ ይሻላል። አባልነት ካላቋረጥከው ራሱን ያድሳል፤ በሰው ካርድ ላይ ደግሞ ያሳፍራል።

ጀጎል፦ እኔ ለዚያ ብር የሚያሠለጥንህ ሰው ቅጠር ነው የምለው። የተሸነፍክባቸውን 5 ጨዋታዎች ቀድመህ ላክለት። «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነው?» ብሎ ከጠየቀህ ያዘው። ኮምፒውተር ከፍቶ መልሱን ካነበበልህ ግን እሱን ስቶክፊሽም (የቼዝ ፕሮግራም) በነጻ ያደርገዋል። በወር 2 ሰዓት ይበቃል፣ የቀረው የራስህ ሥራ ነው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ የመክፈቻ ኮርስ ከስንት ሬቲንግ በኋላ ነው ታዲያ?

ከዚራ፦ ሬቲንጉን ተወው፤ ሊቼስ ጀማሪውን ሁሉ ከ1500 ነው የሚያስነሳው። የመጨረሻ 20 ሽንፈቶችህን ክፈት። ከግማሽ በላዩ ከ12ኛው እርምጃ በፊት የተበላሸ ከሆነና ፈረስን ወይም ሩክን የመሰለ ጠጠር በነጻ ሰጥተህ ካልሆነ፣ ያኔ ግዛ።